ቁስሉና ሱሱ፦ ስኪማ ቴራፒ ከሱስ ለማገገም የሚያግዘው መቼ ነው?

መጠጥ ያቆመ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ተወጥቶ፣ መንቀጥቀጡና እንቅልፍ ማጣቱ ለቆት፣ ቤተሰቡም «ተመስገን» ካለ በኋላ ለምን ያገረሽበታል? ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች የተለመዱ ናቸው። አንደኛው ሐራራን የሚቀሰቅሱ ነገሮችን ይጠቅሳል፤ የለመደው ግሮሰሪ፣ የደመወዝ ቀን፣ የድሮ ጓደኛ ስልክ። ሁለተኛው የኑሮ ጭንቀትን ያነሳል። ስኪማ ቴራፒ የሚባለው የሥነ ልቦና ሕክምና ሦስተኛ መልስ ይዞ ይመጣል፦ መጠጡ ለዓመታት ሲያደነዝዘው የኖረ የልጅነት ስሜት መጠጡ ሲቀር ይነቃል። ይህ መልስ ብዙ እውነት አለው። ሕክምናው ለሱሰኛ የሚጠቅመው ግን በጊዜው ሲጀመር ነው፤ ያለጊዜው ከተጀመረ ሊጎዳም ይችላል ብዬ እከራከራለሁ።

የስኪማ ቴራፒ መሥራች አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጄፍሪ ያንግ ነው። ያንግ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ከአሮን ቤክ ጋር የሠራ ሲሆን፣ የቤክ የአስተሳሰብ ሕክምና ብዙዎችን ሲረዳ ሥር የሰደደ የስብዕና ችግር ያለባቸውን ግን ብዙም እንደማያንቀሳቅስ አስተዋለ። እነዚህ ሰዎች «ዋጋ ቢስ ነኝ» የሚለው ሐሳብ ስሕተት መሆኑን በአእምሯቸው ይቀበላሉ፤ ስሜታቸው ግን አይከተላቸውም። ያንግ በልጅነት ተቀርጸው ዕድሜ ልክ የሚደጋገሙ 18 የስሜት ንድፎችን (ስኪማዎችን) ዘረዘረ። መተው፣ ስሜታዊ ረሃብ፣ እፍረትና ጉድለት፣ አለመተማመን ከእነዚህ ይገኙበታል። ሰው ለእነዚህ ንድፎች እጅ ይሰጣል፣ ይሸሻቸዋል ወይም ተቃራኒውን በመሆን ይጋፈጣቸዋል። ሱስ አብዛኛውን ጊዜ የሽሽቱ መንገድ ነው።

አሠራሩን በቅርብ ለማየት አንድ የምናብ ታካሚ እንውሰድ። አለቃው በሰው ፊት በገሠጸው ቀን ሁሉ ማታ ግሮሰሪ ይገባል። ሐኪሟ ባዶ ወንበር ከፊቱ ታስቀምጥና «እስቲ እዚያ ይቀመጡና መጠጥ የሚያስመኝዎትን ክፍል ሆነው ይናገሩ» ትለዋለች። መጀመሪያ ያፍራል። ቆይቶ ግን «እኔ ባልኖር ያንን ቀን እንዴት ታልፈው ነበር?» የሚል ድምፅ ይወጣዋል። ሐኪሟ ይህን ድምፅ አትገሥጽም፤ እንዲያውም ስለሰጠው አገልግሎት ታመሰግነዋለች፤ ከዚያ በኋላ ምን እንዳስከፈለ ትጠይቀዋለች። በስኪማ ቴራፒ ቋንቋ ይህ ክፍል «ራሱን የሚያባብለው ጠባቂ» ይባላል። ከጀርባው የተደበቀው ልጅ እስኪታይ ድረስ ጠባቂውን በግድ ማባረር ዋጋ የለውም፤ ሌላ መሸሸጊያ ይፈልጋልና።

ቀጣዩ እርምጃ ትዝታን በምናብ እንደገና መጻፍ ነው። ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ ከክፍሉ 12ኛ የወጣበትን ካርድ ይዞ አባቱ ፊት የቆመበትን ቀን ያስታውሳል። ሐኪሟ በምናብ ወደዚያ ትዝታ ገብታ በአባትና በልጅ መካከል ትቆማለች፤ አባትየውን አስቁማ ልጁን ታጽናናለች። የሕክምናው መመሪያ እንዲህ ይላል። እኛ ዘንድ ግን ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዓይኑን ይገልጥና «አባቴንስ አይናገሩብኝ» ሊል ይችላል። ይህ የግድ እልኸኝነት አይደለም፤ ወላጅን መክሰስ በራሱ አዲስ እፍረት ይወልዳል። ዘዴው ግን ሌላ ሰው ማስገባትንም ይፈቅዳል። ልጁን ከግርፋት ታስጥል የነበረች አያት ብትገባ፣ አባት ሳይዋረድ ልጁ ይጠበቃል። ስኪማ ቴራፒን ወደ አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ የሚያመጣ ባለሙያ ንድፎቹ የሚለኩበትን መጠይቅ ከመተርጎሙ በፊት ሊያስብበት የሚገባው ይህን ነው።

ማስረጃውስ? በስብዕና መታወክ ላይ ጠንካራ ነው። በ2006 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ቦርደርላይን የተባለው መታወክ ያለባቸውን 88 ታካሚዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሦስት ዓመት አክሞ፣ ስኪማ ቴራፒ ከተነጻጸረበት ሌላ ሕክምና የተሻለ ውጤት እንዳሳየ አረጋግጧል። በሱስ ላይ ግን ታሪኩ ይለያል። የዬል ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሳሙኤል ቦል ስኪማን ከማገርሸት መከላከያ ስልቶች ጋር አዋሕዶ ለ24 ሳምንታት የሚሰጥ ሕክምና አዘጋጀ። በ2007 ባሳተመው አነስተኛ ጥናት፣ ለኦፒዮይድ ሱስ ሕክምና ሜታዶን የተባለውን መድኃኒት በሚወስዱና የስብዕና መታወክ ባለባቸው 30 ሰዎች መካከል፣ ይህን ያገኙት ባለ 12 ደረጃውን መንገድ ከተከተሉት ይልቅ የዕፅ አጠቃቀማቸውን ፈጥነው ቀነሱ፤ የከፋ ስሜታቸውን በዘላቂነት በማቅለል ረገድ ግን ባለ 12 ደረጃው በለጠ። በ2011 የወጣው፣ በማገገሚያ ማዕከል በሚኖሩ 105 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ ተመራማሪዎቹ ያልጠበቁትን አሳየ፦ በርካታ ምልክቶችን በዘላቂነት በመቀነስ ከቦል ሕክምና ይልቅ ተራው የሱስ ምክር አገልግሎት የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

የስኪማ ደጋፊዎች ለዚህ ውጤት መልስ አያጡም። ለሦስት ዓመት ሥራ የተበጀን ዘዴ በስድስት ወር መመዘን ፍትሐዊ አይደለም ሊሉ ይችላሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ግን አይበቃም። እኔ ከእነዚህ ጥናቶች የምረዳው ሰው ገና እግሩን ባልተከለበት ጊዜ የድሮ ቁስል መንካት፣ ሐራራን የሚቋቋምበትን ጉልበት ሊሻማበት እንደሚችል ነው።

ትዝታውን ቶሎ መንካት ይጠቅማል የሚሉ አንዳንዶች ደግሞ በ2000 ተመራማሪው ካሪም ናደርና ባልደረቦቹ በአይጦች ላይ ያደረጉትን ጥናት ጠቅሰው «የተቀሰቀሰ ትዝታ ለጊዜው ይላላል፤ ስለዚህ የድሮውን ስሜት መሰረዝ ይቻላል» ይላሉ። በ2012 ቻይናውያን ተመራማሪዎች ሄሮይን ያቆሙ ሰዎችን አጭር የዕፅ ቪዲዮ አሳይተው፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ቀስቃሾቹን ዕፁ ሳይከተል ሲደጋግሙባቸው ሐራራው ለስድስት ወር ያህል ቀንሶ ቆይቷል። ግኝቱ አስደናቂ ነው። ነገር ግን የሄሮይን ቀስቃሽና በአባት ፊት የደረሰ ውርደት አንድ ዓይነት ትዝታ አይደሉም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይወስናል። ብዙ አልኮል ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል መንቀጥቀጥና ለሕይወት የሚያሰጋ ቅዠት ሊያጋጥመው ይችላልና መጀመሪያ የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል። ቀጥሎ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ቀስቃሾችን የማለፊያ ዕቅድ ይመጣሉ። የወንበሩ ንግግር በዚህ ጊዜ ሊጀመር ይችላል፤ ጠባቂውን ያስተዋውቃል እንጂ ቁስሉን አይገልጥምና። የልጅነት ትዝታው ግን ይቆይ። ሲጀመርም ቀጠሮው ዓርብ ከሰዓት አይሁን፤ ያን ማታ አብሮት የሚያመሽ ሰው ይታወቅ።

ጫት ቅሞ ለምርቃናው ማብረጃ ጨብሲ የሚወጣ ወጣት ዘንድ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ያንግ የቀረጸው ጠባቂ በአብዛኛው ብቸኛ ነው፤ በር ዘግቶ ይጠጣል። የእኛው ወጣት ሽሽት ግን ፍራሽ ላይ በክብ ከተቀመጡ ጓደኞች ጋር ነው፤ ሱሱን ሲተው ወዳጆቹንም ይተዋል። ይህን ችግር የግለሰብ የወንበር ንግግር ብቻውን አይፈታውም። በቡድን የሚሰጠው የስኪማ ሕክምና የተሻለ መነሻ ይመስለኛል። በ2009 በአሜሪካ ቦርደርላይን መታወክ ባለባቸው 32 ሴቶች ላይ በ30 ሳምንታዊ ስብሰባዎች ተሞክሮ፣ የቡድን ሕክምናውን ካገኙት ማንም አላቋረጠም። ጥናቱ በሱስ ላይ አልነበረም፤ ለሱሰኛ ታካሚዎች የተበጀ የቡድን ሙከራ ቢደረግ ግን መጀመሪያ መለካት ያለበት ውጤት ይኸው አለማቋረጥ ነው።