ውቢቷና አውሬው

በመልክና በፍቅር መካከል ያለውን ውጥረት የሚተርክ የፈረንሳይ ተረት። በ1740 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጋብርኤል ሱዛን ደ ቪልነቭ ናት፤ የእሷ ድርሰት ግን ረጅምና የተወሳሰበ ነው። ዛሬ የሚታወቀውን አጭር ቅርጽ የሰጠችው በ1756 ለልጃገረዶች የጻፈችው መምህርት ዣን ማሪ ለፕራንስ ደ ቦሞን ናት።

የተረቱ የቅርብ ዘመድ የኩፒድና የፕሲኬ አፈ ታሪክ ነው። አፈ ታሪኩን በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በላቲን የጻፈው አፑሌዩስ ሰሜን አፍሪካዊ ነበር፤ የተወለደባት ማዳውሮስ ዛሬ በአልጄሪያ ትገኛለች። ፕሲኬ ባሏን የምታውቀው በጨለማ ብቻ ነው። እኅቶቿ «ያገባሽው ዘንዶ ነው» ብለው ሲያስፈራሯት ሌሊት መብራትና ምላጭ ይዛ ትነሳለች። ብርሃኑ ያሳያት ግን የፍቅርን አምላክ ኩፒድን ራሱን ነው። ከመብራቱ የጋለ ዘይት ትከሻው ላይ ጠብ ሲል ይነቃል፤ ትቷትም ይበራል።

እዚህ ላይ ሁለቱ ይለያያሉ። በአፈ ታሪኩ ጥፋቱ ማየት ነው። በተረቱ ደግሞ የአውሬው አስቀያሚነት ከመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ በየማታው እራት ላይ ውቢቷን «ታገቢኛለሽ?» ይላታል፣ እሷም እምቢ ትላለች። የውቢቷ ፈተና ይከብዳል፤ ፕሲኬ የፈራችው ወሬ ብቻ ነበርና። ሆኖም ሁለቱም ለጀግናቸው መልከ መልካም ባል ከመስጠት አልተቆጠቡም፤ ይህ ትንሽ ማጭበርበር ይመስላል።

ምቀኛ እኅቶችንም ሁለቱም ታሪኮች ይቀጣሉ፦ የፕሲኬ እኅቶች ከገደል ይወድቃሉ፣ የውቢቷ ደግሞ በቦሞን ተረት በቤተ መንግሥቱ በር ላይ ሐውልት ሆነው ይቀራሉ።