ሚዛንና ምክር

ክብደት ለመቀነስ የሚያገለግሉት የስልክ መተግበሪያዎች የቅርብ ጊዜ ሥራ ይሁኑ እንጂ ዘዴያቸው የቆየ ነው። የበሉትን መጻፍ፣ በየሳምንቱ መመዘንና ከመሰሎች ጋር መምከር እ.ኤ.አ. በ1963 ጂን ናይዴች በኒው ዮርክ ካቋቋሙት ከዌይት ዋቸርስ ጀምሮ የታወቀ ነው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን ሚዛኑ የሚሰቀለው ለተቃራኒው ጉዳይ፣ ይኸውም የሕፃኑ ክብደት መጨመሩን ለማወቅ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የጤና ኬላዋ ባለሙያ ሕፃኑን መዝና ውጤቱን በእድገት ሰንጠረዡ ላይ ታሰፍራለች። መስመሩ ካዘቀዘቀ ምክንያቱን ከእናቲቱ ትጠይቃለች፤ ከዚያም በቤት ካለው ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር፣ ለምሳሌ በገንፎው ላይ እንቁላል መጨመርን፣ ተስማምተው ይለያያሉ። በሚቀጥለው ወር እንደገና ይመዘናል። ጎተራው ባዶ ለሆነበት ቤት ይህ ምክር ምን ያህል እንደሚረዳ አንባቢ ይፍረድ፤ ላይ ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የታቀፉትም ያለ ምክንያት አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት 30 መተግበሪያዎችን መርምሮ፣ ከ20 የታወቁ የልማድ ለውጥ ዘዴዎች በአማካይ አንድ አምስተኛውን እንኳ እንዳልያዙ አመልክቷል። ቁጥሩን ይመዘግቡ ነበር እንጂ፣ እንደ ባለሙያዋ «ምን አስቸገረሽ?» ብለው የሚጠይቁት ጥቂቶች ነበሩ።