ከክዳኑ ሥር ያለችው ፓኬት፦ እርሾ፣ የቤት ቢራ ጠመቃ እና የእውቀት ባለቤትነት ታሪክ

 በንግግሬ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ፓኬት ነው። በእንግሊዝ፣ በአውስትራሊያ ወይም በአሜሪካ በቤቱ ቢራ ለመጥመቅ የሚፈልግ ሰው ከሱቅ የሚገዛው ዝግጁ ጥቅል ብዙውን ጊዜ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ነው። በቆርቆሮው ውስጥ ሆፕ የገባበት፣ እንደ ማር የወፈረ የብቅል ጭማቂ አለ። ሆፕ ለፈረንጅ ቢራ ጌሾ ለጠላ የሚሰጠውን ምሬት የሚሰጥ ተክል ነው። ከፕላስቲክ ክዳኑ ሥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ግራም ደረቅ እርሾ የያዘች ፓኬት ትገኛለች። ገዢው ጭማቂውን በሙቅ ውሃ ያሟሟል፣ ስኳር ይጨምራል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቶ ወደ 20 ሊትር ያደርሰዋል፤ ለብ ሲል እርሾውን ይበትንበታል።

በቆርቆሮው ላይ የቢራው ዓይነት በትልቁ ተጽፏል። በፓኬቷ ላይ ግን ብዙ ጊዜ «እርሾ» ከሚለው ቃል ያለፈ ነገር አይገኝም፤ የትኛው ዝርያ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን ዓይነት ሙቀት እንደሚስማማው አይነገርም። በጥቅሉ ውስጥ ሕይወት ያለው ብቸኛው ነገር እርሾው ነው። ታዲያ ስም የሌለው እርሱ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? እኔ የታሪክ መምህር እንጂ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም ጥያቄው ከባዮሎጂ ይልቅ የታሪክ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። መልሴን በአጭሩ ላስቀምጥ፦ ቤተሰቡ በቤቱ የመጥመቅ መብቱን በሕግ ሲያስመልስ፣ እርሾውና ስለ እርሾው የነበረው እውቀት ቀድሞ ከእጁ ወጥቶ ነበር።

ወደ ኋላ እንመለስ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዟ የኖርዊች ከተማ የነበሩ ጠማቂዎች እርሾን «የእግዚአብሔር በጎነት» የሚል ትርጉም ባለው ስም ይጠሩት ነበር። በከተማይቱ የጠማቂዎች መዝገብ እንደሰፈረው፣ እርሾ የአምላክ ጸጋ ስለሆነ ለጠየቀ ሁሉ በዳቦ፣ በስንዴ፣ በብቅል፣ በእንቁላል ወይም ቢበዛ በአንዲት ሩብ ሳንቲም ልዋጭ ይሰጣል እንጂ ማንም አይከለከልም። ጠማቂው ለጋጋሪው፣ ጎረቤት ለጎረቤት ያቀብለዋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለነው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የእንጀራ እርሾ ያለቀባት ሴት ከጎረቤቷ ቀድታ ትመጣለች፤ እርሾ በገንዘብ አይተመንም። እርሾ በእነዚያ ዘመናት የጋራ ሀብት ነበር።

የጋራ ሀብት ይሁን እንጂ ምንነቱ አይታወቅም ነበር። በ1516 የወጣው የባቫርያ የቢራ ሕግ ገብስን፣ ሆፕንና ውሃን ብቻ ሲዘረዝር እርሾን አልጠቀሰም። ጠማቂዎቹ በእጃቸው ያውቁታል፤ ከአንዱ ጠመቃ አረፋ ወይም ዝቃጭ ቀድተው ለሚቀጥለው ያቆዩታል። ሕያው ፍጡር መሆኑን ግን አያውቁም። በ1837 ገደማ ካኛር ደ ላ ቱር፣ ቴዎዶር ሽቫን እና ፍሪድሪሽ ኩትሲንግ፣ ሦስቱም በየበኩላቸው፣ እርሾ ሕያው እንደሆነና መብላላትም የእርሱ የኑሮ ሥራ እንደሆነ አሳዩ። የዘመኑ ታላላቅ ኬሚስቶች ግን አልተቀበሉትም። ሊቢግና ቮለር በ1839 ስማቸውን ሳይገልጹ ባወጡት የፌዝ ጽሑፍ እርሾን ስኳር የምትበላና አልኮል የምታወጣ ትንሽ እንስሳ አስመስለው አላገጡበት። ፓስተር በ1876 ስለ ቢራ ያደረገውን ጥናት በመጽሐፍ እስኪያወጣ ድረስ ነገሩ በክርክር ቆየ።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ለርእሳችን ወሳኝ ነው። በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ መሥራች ያኮብሰን በ1845 ከሙኒክ ከተማ፣ ከስፓተን ፋብሪካ፣ በዝቅተኛ ሙቀት የሚሠራ እርሾ ይዞ ተመልሶ ነበር። በመንገድ ላይ ሠረገላው በቆመበት ሁሉ እርሾውን በቀዝቃዛ ውሃ እያበረደ እንዳደረሰው ይነገራል። ከዚያ ከብዙ ዓመታት በኋላ በፋብሪካው ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን፣ አንድ እፍኝ እርሾ በውስጡ ልዩ ልዩ ዝርያዎች የተቀላቀሉበት መሆኑን፣ ቢራን የሚያበላሹትም ባክቴሪያዎች ብቻ ሳይሆኑ ያልተፈለጉ የእርሾ ዝርያዎች ጭምር መሆናቸውን አረጋገጠ። ከአንዲት ሕዋስ ብቻ የተራባ ንጹሕ እርሾ አዘጋጅቶም በ1883 በፋብሪካው ሥራ ላይ አዋለ። ያኮብሰን የቤተ ሙከራው ግኝት በምስጢር እንዳይያዝ በመተዳደሪያ ደንቡ ደንግጎ ስለነበር፣ እርሾውም ዘዴውም ለሌሎች ጠማቂዎች ተሰጠ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። የኖርዊቹ ጠማቂም ያኮብሰንም እርሾን አልሸሸጉም። ልዩነቱ የተቀባዩ ማንነት ላይ ነው። የኖርዊቹን እርሾ ለመቀበል ማሰሮ ይዞ መምጣት ይበቃል። የሃንሰንን ስጦታ ለመቀበል ግን ማይክሮስኮፕ፣ ቤተ ሙከራና ባለሙያ ያስፈልጋል። በዚያው መቶ ዓመት ጋጋሪዎችም በፋብሪካ ወደሚመረት የታመቀ እርሾ ስለዞሩ፣ ጠማቂውን፣ ጋጋሪውንና የቤት እመቤቷን ያስተሳሰረው የልውውጥ ገመድ ላላ። ሳይንሱ ለሁሉ ክፍት ነበር፤ በሩ ግን ለቤተሰቡ አልተከፈተም።

ሕጉም በዚሁ አቅጣጫ ሄደ። ግላድስተን በ1880 ያሻሻለው የእንግሊዝ የግብር ሕግ በቤት ውስጥ ጠመቃ ላይ የፈቃድ ግዴታ ጣለ። በአሜሪካ ደግሞ ከ1920 እስከ 1933 የአልኮል መጠጥ ማምረትና መሸጥ ተከለከለ። ቢራ መሸጥ የተከለከሉት ፋብሪካዎች የብቅል ሽሮፕ በቆርቆሮ ወደ መሸጥ ዞሩ። ለዳቦ ነው ይባል እንጂ ብዙው የት እንደሚደርስ ሻጭም ገዢም ያውቁ ነበር። የቆርቆሮ ጭማቂና የዳቦ እርሾ፦ የዛሬው ጥቅል አያት ይህ ነው። የዳቦ እርሾ የሚመረጠው ሊጥን በፍጥነት እንዲያነሣ ነው። በቢራ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ በደንብ አይዘቅጥም፤ ቅርንፉድ የሚመስል ጣዕምም ሊተው ይችላል። የቤት ቢራ ለብዙ ዓመታት የተሸከመው መጥፎ ስም ከፊሉ የመጣው ከዚህ ነው።

በእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሬጂናልድ ሞድሊንግ በ1963 የፈቃዱን ግዴታ አነሡ። በዚያው ዓመት የቤሪ የቤት ጠመቃ መጽሐፍ ታተመ፤ በ1970ዎቹም እንደ ቡትስ ያሉ ታዋቂ መደብሮች የጠመቃ ጥቅሎችን ይሸጡ ጀመር። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ካርተር በጥቅምት 1978 የፈረሙት ሕግ ከየካቲት 1979 ጀምሮ ለአንድ አዋቂ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ላሉበት ቤት 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ያህል፣ በዓመት ከቀረጥ ነጻ እንዲጠመቅ ፈቀደ። መብቱ ተመለሰ። በማዕድ ቤቱ ግን የቆየ እርሾ አልነበረም፤ ከማን እንደሚቀዳ የሚያውቅም ጥቂት ነበር። ክፍተቱን የሞላችው ፓኬቷ ናት።

ፓኬቷ የተሠራችው ለጠማቂው ብቻ ሳይሆን ለመደብሩ መደርደሪያም ጭምር ነው። ይህን ለማየት ሦስት ነገሮችን እንመርምር። መጀመሪያ መጠኑን እንውሰድ። የደረቅ እርሾ አምራቾች ለተለመደ፣ በመካከለኛ ሙቀት ለሚብላላ ቢራ የሚመክሩት በ100 ሊትር ከ50 እስከ 80 ግራም ነው። ይህ ለ20 ሊትር ከ10 እስከ 16 ግራም ይሆናል። በክዳኑ ሥር ያለው 5 ወይም 7 ግራም ነው። እርሾው በቁጥር ሲያንስ መብላላቱ ይዘገያል፣ ባዕድ ተሕዋስያን ጊዜ ያገኛሉ፣ ጣዕሙም ይዛባል። ቆርቆሮው በሞቃት መጋዘን ከሰነበተ ደግሞ ከጥቂቱም ብዙው ሞቶ ይጠብቃል። ስለዚህ አስተዋይ ጠማቂ ከቆርቆሮው በፊት የፓኬቷን ቀን ያነባል፤ ከተጠራጠረም ዝርያው የተጻፈበት 11 ግራም ያህል የሚመዝን ፓኬት ለብቻው ይገዛል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ኤል የሚባለውን ቢራ የሚሠራው እርሾ በአመዛኙ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይስማማዋል። የላገር እርሾ ግን ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ያህል ቅዝቃዜ ይፈልጋል። የጥቅሉ መመሪያ ብዙ ጊዜ ሰፊ ሙቀት የሚፈቅደው የገዢው ቤት ስለማይታወቅ ነው። ጠመቃው በሞቃት ክፍል ከተተወ እርሾው የበሰለ ሙዝ የሚመስል ሽታና ጉሮሮ የሚያቃጥሉ ከባድ አልኮሎች ያወጣል። ጠማቂው ጥፋቱን በቆርቆሮው ላይ ይጥላል፤ ጉዳዩ ግን የእርሾውና የክፍሉ ነው።

ሦስተኛው ስም ነው። ላገር ተብሎ በሚሸጥ ጥቅል ውስጥ ያለው እርሾ ብዙ ጊዜ የኤል እርሾ ነው፤ በአማካይ ቤት ውስጥ ለሳምንታት 10 ዲግሪ የሚጠብቅ ቦታ አይገኝምና። ላገርን ላገር የሚያደርገው ግን እርሾው ነው። ተመራማሪዎች በ2011 እንዳሳወቁት የላገር እርሾ የሁለት ዝርያዎች ዲቃላ ነው፤ አንደኛው ወላጅ የተለመደው የኤልና የዳቦ እርሾ ወገን ሲሆን፣ የሁለተኛው ወላጅ የቅርብ ዘመድ በፓታጎኒያ ደኖች ተገኝቷል። ይህን ሁሉ የታሪክ ጉዞ አንዲት ስም የለሽ ፓኬት ሸፍናው ኖራለች።

ጠማቂዎች ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ቻርሊ ፓፓዚያን በ1984 ያሳተመው መጽሐፍ ብዙ አሜሪካውያንን ወደ ጠመቃ ሳበ። በ1986 ዋይስት፣ በ1995 ኋይት ላብስ የተባሉ ድርጅቶች ተቋቁመው ለቤት ጠማቂ ጭምር በስም የተለዩ ሕያው ዝርያዎችን በፈሳሽ መልክ አቀረቡ። ከመቶ ዓመት በኋላ የሃንሰን ስጦታ ማዕድ ቤት ደረሰ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን በስጦታ ሳይሆን በሽያጭ መልክ ነው። በምዕራብ ኖርዌይ ደግሞ ገበሬዎች ክቬይክ የሚሉትን እርሾ በእንጨት ቀለበት ወይም በጨርቅ ላይ እያደረቁ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያቀባብሉት ኖረዋል። ከ30 ዲግሪ በላይ ባለ ሙቀት ያለ ችግር የሚሠራው ይህ እርሾ ባለፉት ዓመታት ሲመዘገብና ሲጠና፣ ብዙ ሳይቆይ በዓለም ዙሪያ በፓኬት ይሸጥ ጀመር።

በ2016 የወጣ አንድ ጥናት የ157 እርሾዎችን የዘር ውርስ መርምሮ፣ የቢራ እርሾዎች እንደ ላምና እንደ ስንዴ በሰው እጅ የተላመዱ መሆናቸውን አሳይቷል። ብዙዎቹ በዱር የመኖርና በጾታ የመራባት ችሎታቸውን አዳክመዋል፤ የቅርንፉዱን ጣዕም የማውጣት ባሕርይም ጥለዋል። ይህን ያደረጉት ስለ ዘር ውርስ ምንም የማያውቁ፣ ደህና ቢራ የሰጣቸውን ዝቃጭ ለቀጣዩ ጠመቃ ያቆዩ ሰዎች ናቸው። በየትኛውም ፓኬት ላይ ስማቸው አይገኝም።

ለእኛ የሚቀረውን ልናገር። የጠላ ጠማቂዋ ጋኑን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ጌሾውን ጠንስሳ፣ ብቅሉን ስትጨምር እርሾ ከሱቅ አትገዛም፤ ከብቅሉ፣ ከጌሾውና ከዕቃው የሚመጣውን ሕይወት በልምዷ ትገራለች። የአንዱ አካባቢ ጠላ ከሌላው የሚለየው በእህሉ ብቻ እንዳልሆነ መገመት ይቻላል። በማይክሮባዮሎጂ ክፍሎቻችን በጠላና በጠጅ ላይ የተሠሩ ጥናቶች አሉ። የታሪክ ክፍሎቻችን ግን ከማን ተማርሽ፣ ጥንስሱ ሲበላሽ ምን ታደርጊያለሽ፣ ለማን ሰጠሽ ብለው የመጠየቅ ሥራቸውን ገና በበቂ አልሠሩም። የጤፍ የባለቤትነት መብት በአውሮፓ ለውጭ ድርጅት ተሰጥቶ፣ በሄግ ያለ ፍርድ ቤት በ2018 ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ የወሰደውን ጊዜ እናስታውሳለን። በጽሑፍ ያልሰፈረ እውቀት ሲከራከሩለት ማስረጃ ያጥረዋል።

ተማሪዎቼ፣ የጥናት ርእስ ለምትፈልጉ ይህን አደራ እላለሁ። እርሾውን ባለሙያዎቹ ያቆዩልን፤ የብሪታኒያ ብሔራዊ የእርሾ ስብስብ ዛሬ በዚያችው በኖርዊች ከተማ እንደሚያቆየው። እኛ ደግሞ ከእያንዳንዱ እርሾ ጋር የሚያዘው መዝገብ ላይ የጠማቂዋን ስም፣ የመንደሯንና የአስተማሪዋን ስም፣ በፈቃዷ፣ እንጻፍ። እርሾን በስጦታ መቀበል የቆየ ልማድ ነው፤ የሰጠውን ሰው መርሳት ግን ልማዱ አይደለም።