ከቀለሙ በፊት ያለው ትምህርት

ስሙኝማ፣ ታሪኩ ከሩቅ ይጀምራል። ቆይቶ እኛ ሰፈር ይገባል፤ ታገሡኝ።

ዘመኑ 1967 ዓ.ም. ነው። እኛ አገር የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ከታወጀ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ ተማሪው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወርዷል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 22 ቀን፣ ፈረንጆቹ አፕሪል 30 ቀን 1975 በሚሉት ዕለት፣ የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን ወደቀች። ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው። ከአሜሪካኖች ጋር የሠራ፣ ለወደቀው መንግሥት ያገለገለ፣ ባሏ መኮንን የነበረች፣ ሁሉም በጀልባም በአውሮፕላንም ነፍሱን ይዞ ወጣ። ከወጡት ጥቂቶቹ ካሊፎርኒያ ደርሰው፣ ከሳክራሜንቶ ከተማ ወደ ተራራው ገባ ብላ በምትገኝ ዊማር በምትባል ትንሽ ቦታ ሰፈሩ። ግቢው ቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ይታከሙበት የነበረ ነው። የተስፋ መንደር አሉት።

እዚያ ግቢ እየተመላለሰች ስደተኞቹን የምትረዳ አንዲት የሆሊውድ ተዋናይ ነበረች፤ ቲፒ ሄድረን። የአልፍሬድ ሂችኮክን «ወፎቹ» የተሰኘ የ1963 ፊልም ያየ ሰው ይህችን ሴት አይረሳትም። ቲፒ ለሴቶቹ ሥራ ልታስይዝ ፈለገች። ሰው ቋንቋውን በማያውቀው አገር በምን ይበላል? መጀመሪያ ልብስ ስፌት የሚያስተምር አመጣች፤ ቀጥሎ ታይፕ የሚያስተምር አመጣች። የሴቶቹ ዐይን ግን ሌላ ቦታ ነበር። እሷ ስትናገር እነሱ እጇን ያያሉ። ረጅም፣ በወጉ የተሞረደ፣ የሚያብረቀርቅ ጥፍር። እጇን ይዘው እያገላበጡ ያደንቁት ጀመር።

ቲፒ ነገሩ ገባት። የራሷን ጥፍር የምትሠራላትን ባለሙያ ከሎስ አንጀለስ እያስመጣች ታስተምራቸው ያዘች። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች የሚዘሉት ይሄንን ነው። ተዋናይዋ «እንግዲህ አይታችኋል፣ ሂዱና ሥሩ» አላለችም። በአቅራቢያው የነበረ የውበት ትምህርት ቤት ሄዳ አግባብታ፣ ሴቶቹን አስገባቻቸው። ተማሩ፣ የካሊፎርኒያን ፈተና ተፈተኑ፣ ፈቃድ አወጡ። ሥራ የተፈለገላቸውም ፈቃዱን ይዘው ነው። ሃያ ነበሩ።

ከሃያዎቹ ብዙዎቹ ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ ወረዱ። እህት እህቷን፣ ጓደኛ ጓደኛዋን ጠራች፤ ባሎችም ሳይቀሩ ሞረድ ጨበጡ። በ1970ዎቹ ለእጅና ለእግር 50 ዶላር ገደማ የሚከፈልበት የሀብታም ቅንጦት ወርዶ ወርዶ 20 ዶላር አካባቢ ደረሰና የነርሷም የአስተማሪዋም ሆነ። በ1996 ካሊፎርኒያ የፈቃዱን ፈተና በቬትናም ቋንቋ መስጠት ጀመረች። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ጥፍር ከሚሠሩት ግማሽ ያህሉ የቬትናም ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው።

ያማረ ታሪክ ነው፤ እኔ ግን የያዝኳችሁ ለታሪኩ ሌላ ገጽታ ነው። ገበያ ሲሞቅ አቋራጩ ይበዛል።

በጥፍር ላይ የሚቀጠለው የአክሬሊክ ጥፍር የተወለደው ከጥርስ ሐኪም እጅ ነው። በ1954 ፍሬድ ስላክ የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ሥራ ላይ እያለ ጥፍሩ ይሰበርበታል፤ ለጥርስ በሚገለገልበት ማቴሪያል የራሱን ጥፍር ሠርቶ ቀጠለው። ብልህ ሰው። ነገሩ ወደ ሳሎን ሲገባ ግን ከፈሳሾቹ አንዱ ሜቲል ሜታክሪሌት፣ በአጭሩ ኤምኤምኤ የሚባለው ሆነ። ይሄ ነገር የአጥንት ሐኪሞች ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የሚያጣብቁበት ሲሚንቶ ውስጥ ያለ ነው። ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ከመጠን በላይ ይጠነክራል። ሴትዮዋ እጇን የመኪና በር ቢመታት አክሬሊኩ አይሰበርም፤ የገዛ ጥፍሯ ነው ከሥጋው ተነቅሎ የሚመጣው። የተነቀለ የእጅ ጥፍር ደግሞ በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ ሙሉ ሆኖ እስኪመለስ ስድስት ወር ይፈጃል። በ1970ዎቹ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን አቤቱታው ሲበዛበት ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ንጹሕ ኤምኤምኤ የያዘ ምርት ተያዘ። ደህና አምራቾች ወደ ሌላ ዓይነት፣ ወደ ኢቲል ሜታክሪሌት ዞሩ። ርካሹ ግን እስከ ዛሬ ስም በሌለው ጠርሙስ ይዞራል። ያልተማረች ሴት በምን ታውቀዋለች? ሽታው ለየት ብሎ ይከረፋል፤ አሴቶን ውስጥ ቢነከር አልሟሟ ይላል፤ ዋጋው ደግሞ ደስ ይላል።

ሌላም ልጨምር። ዓመቱ 2000 ነው፣ ቦታው ያው ካሊፎርኒያ፣ ዋትሰንቪል የምትባል ከተማ። ሴቶች ከጉልበታቸው በታች እባጭ እየወጣባቸው ሐኪም ቤት ይመጣሉ። እባጩ ይፈነዳል፣ ይቆስላል፣ በተለመደው መድኃኒት አይድንም። ሲጠየቁ አንድ ነገር ያገናኛቸዋል፤ ሁሉም አንድ ሳሎን ውስጥ እግራቸውን ታጥበዋል። የታመሙት ሲቆጠሩ ከ100 በላይ ሆኑ። መርማሪዎች የእግር ማጠቢያውን ገንዳ አዩት፤ ያብረቀርቃል። ውሃው የሚዘዋወርበትን ወንፊት ነቅለው ከኋላው ሲያዩ ግን የስንቱ ደንበኛ ፀጉርና የቆዳ ፍቅፋቂ ተከማችቶ ጠበቃቸው። ማይኮባክተሪየም ፎርቱይተም የሚባለው ባክቴሪያ እዚያ ውስጥ ቤት ሠርቷል። ፔዲኪር ከመሠራታቸው በፊት እግራቸውን የተላጩት ይበልጥ ተጎድተው ነበር፤ ምላጭ የተወው ጭረት በር ሆኖለት። ጉዳዩ በ2002 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታትሟል። ሠራተኞቹ ክፉዎች አልነበሩም። ወንፊቱን ንቀሉት ያላቸው ሰው አልነበረም እንጂ።

ሦስተኛው ጣጣ የሚመጣው በራሷ በሠራተኛዋ ላይ ነው። ጄል የሚባለው ጥፍር ላይ ሲቀባ ፈሳሽ ነው፤ መብራት ውስጥ ሲገባ ይደርቃል። መብራቱ ለዚያ ጄል የተሠራ ካልሆነ ከላይ የደረቀ ይመስላል፣ ከውስጥ ግን ጥሬ ነው። ያ ጥሬ ኬሚካል ቆዳ ሲነካ፣ ዛሬም ነገም ሲነካ፣ አንድ ቀን ሰውነት እምቢ ይላል፤ ጣት ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። አለርጂው አንዴ ከገባ ዕድሜ ልክ ነው፤ ወደፊት ጥርስ ማስሞላት ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ ማስቀየር ሲያስፈልግ ያው የኬሚካል ቤተሰብ ሊያስቸግራት ይችላል። የብሪታንያ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 ስለዚሁ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። የአውሮፓ ኅብረት ሄማ የሚባለውን የጄል ንጥረ ነገር ለባለሙያ ብቻ እንዲሆን ወስኗል፤ ቲፒኦ የሚባለውን ደግሞ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ጭራሽ ከልክሏል።

እናቶቻችን እንሶስላ ሲሞቁ ይሄ ሁሉ አላስፈለጋቸውም። ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ይታሰራል፣ ሲፈታ ቀልቷል፤ ጨዋታው እዚያው አለ። እንሶስላ ግን ተክል ነው። የዛሬው ጠርሙስ ሌላ ነው፤ ስለዚህ ነው ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንግባ። አንዲት ልጅ አለች እንበል። እጇ ሥዕል ይወዳል፤ የሰፈሩን ልጆች ጥፍር በነፃ ትቀባለች፤ ሁሉም «አንቺማ ሳሎን ነው መክፈት ያለብሽ» ይላታል። ዕቁብ ደረሳት። ብሯን ይዛ ማሠልጠኛ ፍለጋ ወጣች።

የመጀመሪያው ቤት ሲገቡት ያምራል። ግድግዳው በአበባና በፈርጥ ባጌጠ ጥፍር ፎቶ ተሞልቷል። የምትመዘግበው ወጣት ፈገግ ብላ «የኔ ቆንጆ፣ በሁለት ሳምንት ጨርሰሽ ብር ትሠሪያለሽ። አክሬሊክ አለ፣ ጄል አለ፣ ዲዛይን አለ። ዕቃም እንሰጣለን፣ ሰርተፍኬትም አለው» አለቻት።

«የምንለማመደው በምን ላይ ነው?»

«በፕላስቲክ እጅ።»

«በሰውስ?»

«እሱን ሥራ ስትጀምሪ በደንበኛ ላይ ትለምጂዋለሽ።»

ደንበኛዋ ይሄን ብትሰማ ምን ትል ይሆን?

ሁለተኛው ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ጨለም ያለ፣ ቀለሙ የለቀቀ። መምህርቷ ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው። ሰሌዳው ላይ ያለው የአበባ ዲዛይን ሳይሆን ለሁለት የተሰነጠቀ ጣት ሥዕል ነው፤ ጥፍሩ ከቆዳው በታች ከየት እንደሚበቅል ያሳያል። ልጅቷ ገረማት።

«እትዬ፣ አክሬሊክ መቼ ነው የምንጀምረው?»

«እጅሽንና ዕቃሽን ማጠብ ስትችይ።»

ሳቀች። ሴትዮዋ አልሳቁም። ቆዳ መግፊያውን አንስተው አሳዩአት፤ መጀመሪያ በሳሙናና በብሩሽ ይታጠባል፤ ከዚያ ተዋሲያን ገዳይ ፈሳሽ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይሰምጣል፤ የሚቆየውም ዕቃው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ያህል ነው። በአልኮል ጠረግ አድርጎ ወደ ቀጣዩ ሰው መሄድ የለም። ያቺ ሰማያዊ መብራት ያላት ሳጥንም የጸዳ ዕቃ ታስቀምጥ እንደሆነ እንጂ የቆሸሸውን አታጸዳም። የእንጨት እንዲሁም የወረቀት ሞረድ ከአንድ ሰው ወደ ሌላ አይተላለፍም። ለምን ቢባል፣ የጉበት በሽታ የሚያመጣው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል። ጠብታዋ በዐይን ላትታይ ትችላለች።

«ደንበኛ አረንጓዴ የሆነ ጥፍር ይዛ ብትመጣስ?» አሏት ሴትዮዋ።

«ደማቅ ቀለም እቀባላታለሁ።»

«አየሽ፣ ለዚህ ነው ሁለት ሳምንት የማይበቃው። አረንጓዴው ባክቴሪያ ነው፤ በተነሣው አክሬሊክ ሥር ውሃ ገብቶ ነው የሚራባው። ታነሽዋለሽ፣ አትሸፍኚውም፣ ሐኪም ዘንድ ትልኪያታለሽ። ደንበኛን ዛሬ አልሠራሽም ማለት የማትችል ልጅ እዚህ ቤት አትመረቅም።»

አጭር ሥልጠና ሁሉ ማታለያ ነው አልልም። መሠረቱን የጨረሰች ሴት ለአዲስ ዲዛይን ወይም ለኤሌክትሪክ ሞረድ (ድሪል) አጠቃቀም የጥቂት ቀን ኮርስ ብትወስድ ደግ ነው። ቲክቶክም ለዲዛይን ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ድሪሉን ጥፍር ላይ ስትጫኚው ግን እጅሽን ይዞ «በቃ፣ አቃጠልሻት» አይልሽም። ለጀማሪ ግን ከንድፈ ሐሳቡ የሸሸ ቤት፣ ሰው እጅ የማያስነካ ቤት፣ መምህሩ ራሱ ሳሎን ውስጥ ሠርቶ የማያውቅ ቤት ብር አይገባውም። ሰርተፍኬቱንም ቢሆን ማን ነው የሚያውቀው ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ሌላ፣ ማሠልጠኛው ዕውቅና ኖሮት ሠልጣኙ ለሙያ ብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ ለምንለው፣ የሚቀርብበት ሌላ።

ወደ ውጭ ለመውጣት የምታስብም ይሄንን ትስማ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የእኛ ሰው የሞላበት ነው፤ ሕጉ ግን ወንዝ በተሻገሩ ቁጥር ይለያል። ፈቃድ ለማውጣት የሚጠየቀው ሥልጠና ቨርጂኒያ 150 ሰዓት ነው፣ ሜሪላንድ 250፣ ዋሽንግተን ዲሲ 350። ኒው ዮርክ 250፣ ካሊፎርኒያ 400፣ ቴክሳስ 600። የፕላስቲክ እጅ ላይ የተሰጠ የሁለት ሳምንት ወረቀት ከእነዚህ አንዱንም በር አይከፍትም። ሰዓቱ የተመዘገበበት፣ ምን እንደተማርሽ የሚዘረዝር ማስረጃ ከትምህርት ቤትሽ ተቀብለሽ አስቀምጪ፤ ቁጥሩም ሊለወጥ ስለሚችል የምትሄጂበትን ግዛት ቦርድ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ልጅቷ የትኛውን መረጠች አትበሉኝ፤ ልጅቷን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ብሩ ያለው አንቺ ጋ ነው። ከመክፈልሽ በፊት አንድ ቀን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ልይ በያቸው። ዕቃው እንዴት እንደሚታጠብ እይ፣ ጠርሙሱ ላይ ስም መኖሩን እይ፣ መስኮቱ መከፈቱን እይ፣ ተማሪዎቹ የማንን እጅ እንደያዙ እይ። አይቻልም ካሉሽ ብርሽን ይዘሽ ውጪ።