ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ሥጋ

ሌሊት ነው። ልጁ በጀርባው ተኝቶ አፉን ከፍቷል። ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ትንፋሹ ጸጥ ይላል። እናቱ ባንና ትነሳና ጆሮዋን ወደ ደረቱ አስጠግታ በሆዷ መቁጠር ትጀምራለች። ልትቀሰቅሰው እጇን ስትዘረጋ ልጁ እንደታነቀ ሰው ተወራጭቶ አየር ይስባል፤ ማንኮራፋቱንም ይቀጥላል። ጠዋት ጎረቤት ስትጠይቃት «ጉንፋኑ አልለቀው አለ» ትላለች።

ወር አልፎ ወር የሚመጣ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ጉንፋን አይደለም። ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከላንቃ በላይ፣ አፍ ቢከፈትም ዓይን በማይደርስበት ቦታ አንድ ለስላሳ ሥጋ አለ። ሐኪሞች አዴኖይድ ይሉታል። ወላጆች «አፍንጫው ውስጥ ሥጋ በቀለበት» ይላሉ፤ ሥጋው ግን እንግዳ በቃይ አይደለም፣ ሁሉም ልጅ አለው። ከቶንሲል ጋር ሆኖ የአየርና የምግብ መግቢያውን የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ከሁለት ዓመት እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ያድጋል፣ በጉርምስና ይሟሽሻል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ባለ ልጆች ላይ ግን ይህ ሥጋ ከልክ በላይ ሊያብጥና ያለ ዕድሜው ሊቆይ ይችላል። ይህንን ለማስተዋል ሕክምናው ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ መንገዱም የጀመረው ከኮፐንሀገን ነው።

በ1860ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቪልሄልም ማየር የተባለ የዴንማርክ ሐኪም ዘንድ ጆሮዋ በደንብ የማይሰማ፣ ድምጿም የታፈነ ወጣት መጣች። ማየር በጊዜው ሐኪሞች የማያደርጉትን አደረገ፦ ጣቱን በአፏ አስገብቶ ከላንቃዋ ጀርባ ወደ ላይ አጠፈና ዳሰሰ። የአፍንጫዋን የኋላ በር የደፈነ ለስላሳ ሥጋ አገኘ። በ1868 ግኝቱን አሳተመ። ወደ 2,000 የሚጠጉ የከተማዋን ተማሪዎች መርምሮም ከመቶ አንዱ ያህል ይኸው ችግር እንዳለበት ጻፈ።

ማየር በተለይ ያተኮረው አነጋገራቸው ላይ ነበር፤ «የሞተ አነጋገር» አለው። በእኛ ቋንቋ መሞከር ይቻላል። አፍንጫዎን በጣትዎ ይዝጉና «እማማ» ይበሉ፤ «እባባ» ወደሚለው ይጠጋል። «ና» ሲሉ «ዳ» ይመስላል። «ም» እና «ን» በአፍንጫ የሚወጡ ድምፆች ስለሆኑ በሩ ሲዘጋ ይሞታሉ። አንድ የአራት ዓመት ልጅ እናቱን ሲጠራ «ም» ከጠፋበት፣ የማየር ጣት የዳሰሰውን ሥጋ እኛ በጆሯችን ሰማነው ማለት ነው።

ከዚያ የቢላዋው ዘመን መጣ። ማየር ራሱ ሥጋውን የሚፍቅበት ቀለበት መሰል ስለት ሠርቶ ነበር፤ ተከታዮቹ ግን ከእሱ እጅግ ርቀው ሄዱ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአውሮፓና በአሜሪካ የልጆች ስንፍና፣ ቅጥነት፣ የትምህርት ድክመት ሁሉ በአዴኖይድና በቶንሲል ይመካኝ ጀመር። በ1906 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ብዙ ስደተኛ አይሁዶች በሚኖሩበት በማንሃተን ደቡብ ምሥራቅ ሰፈር፣ ሐኪሞች ትምህርት ቤት ድረስ ገብተው የልጆችን አዴኖይድ አወጡ። ወሬው በሰፈሩ ሲናፈስ «ልጆቻችንን እያረዷቸው ነው» ሆነ። በሺህ የሚቆጠሩ እናቶች ትምህርት ቤቶቹን ከበቡ፣ መስኮት ሰበሩ። የዘመኑ ጋዜጦች አላዋቂዎች አድርገው ሣሏቸው። እኔ ግን እነዚያን እናቶች አላዋቂ ማለት አልችልም። ብዙዎቹ ከሩሲያ ግዛት ጭፍጨፋ ሸሽተው የመጡ ነበሩ፤ በቋንቋቸው ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም፤ የልጃቸው አፍ ደም ይዞ ሲመጣ ምን ሊያስቡ ይችሉ ነበር?

ሐኪሞቹም ቢሆኑ የሚቆርጡትን ያህል አያውቁም ነበር። በ1934 እዚያው ኒው ዮርክ 1,000 የአሥራ አንድ ዓመት ተማሪዎች ታይተው 611ዱ ቶንሲላቸው አስቀድሞ ወጥቷል። የቀሩት 389 ለሐኪሞች ሲቀርቡ 174ቱ «ይቆረጥላቸው» ተባለ። ደህና ናችሁ የተባሉት 215 ልጆች ደግሞ ለሌሎች ሐኪሞች ቀረቡ፤ ከእነሱም 99ኙ ይቆረጥላቸው ተባለ። የተረፉት 116 ለሦስተኛ ጊዜ ሲታዩ እንደገና 51ዱ ተመረጡ። ማን ይቆረጥ የሚለውን የወሰነው የልጁ ጉሮሮ ሳይሆን የሐኪሙ ልማድ ነበር።

በእኛም አገር ስለቱ የራሱ ታሪክ አለው። እንጥል መቁረጥ፣ ቶንሲል በጣት መቧጠጥ፣ የሕፃን ግግ ማውጣት የቆዩ ልማዶች ናቸው። ጡት አልይዝ ያለ፣ ትንፋሹ የሚያቃስት ሕፃን ወደ አዋቂ ይወሰዳል። ኤች አይ ቪ ከመጣ በኋላ ደግሞ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ምላጭ ሌላ ስጋት ሆነ፤ የጤና ትምህርቱም እነዚህን ልማዶች ከቫይረሱ መተላለፊያ መንገዶች ጋር ይጠቅሳቸው ነበር። ነገሩ እጅግ ያሳዝናል፦ በቫይረሱ የተነሳ ጉሮሮው ያበጠ ሕፃን የተቆረጠበት ስለት ወደ ጤነኛው የጎረቤት ልጅ ሊሄድ ይችል ነበር።

ቢላዋው በቆረጠው ሥጋ ውስጥ ምን እንዳለ መጠየቅ የተጀመረው ዘግይቶ ነው። በ1953 አሜሪካ ውስጥ ዋላስ ሮው እና ባልደረቦቹ ከልጆች የወጣ አዴኖይድ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ሲያሳድጉ ሴሎቹ በራሳቸው ጊዜ ይሞቱባቸው ነበር። ምክንያቱን ሲፈልጉ በሥጋው ውስጥ ተደብቆ የኖረ የማይታወቅ ቫይረስ አገኙ። ዛሬ አዴኖቫይረስ የምንለው ስሙን ያገኘው ከዚያ ሥጋ ነው። ትርፍ ሥጋ ተብሎ ሲጣል የኖረው ነገር የቫይረስ መኖሪያ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ኤድስ በ1981 አሜሪካ ውስጥ ሲዘገብ የአዋቂ ወንዶች በሽታ ይመስል ነበር። በ1982 መጨረሻ ምክንያቱ ያልታወቀ የበሽታ መከላከል አቅም መዳከም የታየባቸው ሕፃናት ተመዘገቡ። በ1983 ፓሪስ በሚገኘው ፓስተር ኢንስቲትዩት ፍራንሷዝ ባሬ ሲኑሲ፣ ሉክ ሞንታኜና ባልደረቦቻቸው ቫይረሱን አገኙት። ያገኙት ከደም አልነበረም፤ ከአንድ ታማሚ አንገት ላይ ከተወሰደ ንፍፊት ነው። ለቫይረሱ ያወጡለት የመጀመሪያ ስምም ከዕጢ ማበጥ ጋር የተያያዘ ነበር። ዕጢና ቫይረሱ ገና ከጅምሩ አብረው ነበሩ፤ የአዴኖይድ ሥጋም የዚያው ዘር ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ የአሜሪካዊው ሐኪም የአንቶኒ ፋውቺ ቡድንን ጨምሮ ተመራማሪዎች አንድ አስደንጋጭ ነገር አሳዩ፦ ደም ውስጥ ቫይረሱ ጥቂት በሚመስልባቸው ጸጥተኛ ዓመታት፣ በዕጢዎቹ ውስጥ በብዛት እየተራባ ይኖራል። በ1996 ደግሞ አዴኖይድና ቶንሲላቸው አብጦ የወጣላቸው፣ የኤድስ ምልክት ገና ያልታየባቸው ሰዎች ሥጋ ሲመረመር፣ ልክ በሥጋው የላይኛው ገጽ ላይ እርስ በርስ የተዋሐዱ ግዙፍ ሴሎች ተገኙ፤ ውስጣቸውም በቫይረሱ ፕሮቲን የተሞላ ነበር። ዘበኛው የቆመበት በር ራሱ የጦር ሜዳ ሆኖ ነበር። ዛሬ በአንድ ትልቅ ሰው ላይ ያበጠ አዴኖይድ ሲገኝ ጠንቃቃ የአንገት በላይ ሐኪም የኤች አይ ቪ ምርመራ የሚያስበው ለዚህ ነው፤ በአዋቂ ዕድሜ ያ ሥጋ መሟሸሽ ነበረበት።

በልጅ ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። የልጅ አዴኖይድ በተፈጥሮው ትልቅ ስለሆነ ማንንም አያስደነግጥም። ሰውነቱ ከቫይረሱ ጋር ሲታገል በሥጋው ውስጥ የመከላከያ ሴሎች መራቢያ ጎጆዎች ያለማቋረጥ ይሠራሉ፤ ሥጋው ያብጣል። አብሮት የአንገት ንፍፊት ይመጣል፣ ጆሮ ደግፍ የመሰለ እብጠት ጉንጩ ላይ ይወጣል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይህ ነው፦ በሽታው ወደ መጨረሻው ሲገፋ እነዚያ ጎጆዎች ይፈራርሳሉ፣ ሥጋውም ይከሳል። መድኃኒት ያልጀመረ ልጅ እብጠቱ ስለሟሸሸ ብቻ ተሽሎታል ማለት አይቻልም፤ ዘበኛው ወድቆ ሊሆን ይችላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የቫይረሱ መኖር ምልክት የተገኘው በ1984፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች የታወቁት ደግሞ በ1986 ነው። ሕዝቡ «አመንምን» አለው። መድኃኒት ባልነበረባቸው ዓመታት ከቫይረሱ ጋር ከተወለዱ ልጆች ግማሽ ያህሉ ሁለተኛ ዓመታቸውን አያከብሩም ነበር። ሳንባ ምችና ተቅማጥ በሚገድሉበት ቤት ስለ ማንኮራፋት የሚጠይቅ ሐኪም ቢጠፋ አልፈርድበትም። ለማወቅም አስቸጋሪ ነበር፤ የእናት ፀረ እንግዳ አካል በሕፃኑ ደም እስከ 18 ወር ሊቆይ ስለሚችል ተራው ምርመራ ያሳስታል። ከሕፃኑ ተረከዝ የተወሰደ የደም ጠብታ በወረቀት ላይ ደርቆ ወደ ላቦራቶሪ የሚላክበት አሠራር እስኪስፋፋ፣ ብዙ ልጅ «ሁሌ ጉንፋን የማያጣው» እየተባለ አለፈ።

መድኃኒቱ፣ በሕዝቡ ስም «ዕድሜ ማራዘሚያው»፣ በ2005 በነፃ መታደል ጀመረ። በ2008 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት ደግሞ ሕፃናት ምልክት ሳይጠበቅ ወዲያው መድኃኒት ቢጀምሩ ሞታቸው በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። የመጀመሪያዎቹ ሽሮፖች ግን ለልጅ ፈተና ነበሩ። ሎፒናቪር የተባለው መድኃኒት ያለበት ሽሮፕ መራራ ነው፣ ከመጠኑም ከመቶ አርባ ሁለቱ አልኮል ነበር። አፍንጫው የተደፈነ ልጅ የሚተነፍሰው በአፉ ነው፤ በዚያው አፍ መራራ ሽሮፕ ሲጨመርበት ወይ መዋጥ ወይ መተንፈስ አለበት። ይታነቃል፣ ይተፋል። ልጁ «እምቢተኛ» ይባላል፣ እናቱም ትቆጣዋለች፤ ከኋላ ያለውን ሥጋ ግን ማንም አላየውም። ዛሬ በውኃ የሚሟሟ፣ የእንጆሪ ጣዕም ያለው ዶሉቴግራቪር የተባለ የልጆች መድኃኒት መምጣቱ ለእንደዚህ ያለ ልጅ ትልቅ እፎይታ ነው።

በመድኃኒቱ ቫይረሱ ሲታፈን በብዙ ልጆች ላይ እብጠቱም ይቀንሳል። በሁሉም ላይ ግን አይደለም፤ መድኃኒቱን ዘግይተው የጀመሩት ጉዳቱን ይዘው ያድጋሉ። የአዴኖይዱ ጎረቤት ከመሐል ጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ነው። ቱቦው ሲታፈን ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ ይመግላል፣ ታምቡሩን ቀዶ ይፈሳል። በጤና ጣቢያ እናቶች ንጹሕ ጨርቅ ጠምዝዘው ጆሮ ማድረቅን ይማራሉ፤ ትክክለኛ ትምህርት ነው፤ ምንጩ ከአፍንጫ ጀርባ ከሆነ ግን መግሉ ይመለሳል። መጨረሻው ክፍል ውስጥ ኋላ ተቀምጦ መምህሩ የሚለውን የማይሰማ ልጅ ነው። መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚወስድ፣ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ፣ ግን ሌሊት አየር ያጠረውና ቀን የሚያንቀላፋ ልጅ ድኗል ብዬ ዝም ማለት አልችልም።

መቁረጥም ቢሆን ዛሬ ቦታው አለ። ትንፋሹ እየተቋረጠ የሚተኛ ልጅ ካልታከመ ልቡ ጭምር ሊጎዳ ይችላል፤ ቫይረሱ በደሙ መኖሩ ብቻውን ለቀዶ ሕክምና እንቅፋት አይሆንም። የወጣውን ሥጋ ግን ወደ ላቦራቶሪ መላክ ተገቢ ነው፤ በእነዚህ ልጆች ላይ ቲቢና የዕጢ ካንሰርም እዚያው ሥጋ ውስጥ ሊደበቁ ይችላሉና። ሥጋው በአንድ ወገን ብቻ የሚያድግ፣ ደም የሚያፈስ ወይም በፍጥነት የሚያብጥ ከሆነ ቀጠሮ እስኪደርስ አይጠበቅም።

መድኃኒት ለመውሰድ በሚመጣበት ቀን ልጁ ይመዘናል፣ የመድኃኒቱ አወሳሰድ ይጠየቃል። እዚያ ላይ «ሌሊት እንዴት ይተኛል? አፉን ከፍቶ ነው?» ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እናቶችን ደግሞ እንዲህ እላለሁ፦ ልጁ ተኝቶ ሲያቃስት በስልክሽ ለአንድ ደቂቃ ቅረጪው፤ ትንፋሹ የሚቆምበትም ይግባ። ሐኪሙ ዘንድ ስትገቢ መጀመሪያ እሱን ክፈቺለት።