የረጅም ርቀት የቤት ዕቃ ማጓጓዝ (አሜሪካ)
በአሜሪካ ከአንድ ግዛት ወደ ሌላ የሚዛወር ቤተሰብ ዕቃውን ለአጓጓዥ ድርጅት ይሰጣል፤ አለዚያም የጭነት መኪና ተከራይቶ ራሱ ይነዳል። በ1945 ከተመሠረተው የመኪና አከራይ ድርጅት ዩ-ሆል የሚከራየው ባለ 26 ጫማ መኪና በተራ መንጃ ፈቃድ ይነዳል። ኪራዩ ርካሽ ቢመስልም ነዳጅ፣ መድን፣ የመንገድ ላይ ማደሪያና የጫኝ አውራጅ ዋጋ ይጨመርበታል፤ ይበልጥ የሚያዋጣው ዕቃው ጥቂት ለሆነ ሰው ነው።

በግዛቶች መካከል የሚሠራ አጓጓዥ በፌዴራል መንግሥት መመዝገብ አለበት። ዋጋው በአብዛኛው በክብደትና በርቀት ይሰላል። አስገዳጅ ባልሆነ ግምት ከተዋዋለ፣ ለተገመተው አገልግሎት ዕቃውን ከማስረከቡ በፊት የግምቱን 110 በመቶ የሚያልፍ ገንዘብ ማስከፈል አይፈቀድለትም። ብዙዎች ሳያነቡ የሚፈርሙት ግን የካሳውን አንቀጽ ነው። ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚገኘው ዋስትና ለአንድ ፓውንድ ክብደት 60 ሳንቲም ብቻ ስለሆነ፣ 40 ፓውንድ የሚመዝን ቴሌቪዥን ቢሰበር ካሳው ከ24 ዶላር አያልፍም።