ሳፊርና የደጋው ሰማይ

በ1928 ዓ.ም. ወራሪው ጠላት ሲዘምትባት ኢትዮጵያ የነበሯት አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከድል በኋላ አየር ኃይል ሲቋቋም አውሮፕላን መግዛቱ ብቻውን አልበቃም፤ የሚያበርረውም የአገር ልጅ መሠልጠን ነበረበት። ለዚሁ ተግባር ሳፊር የተባለው የስዊድን ማሠልጠኛ አውሮፕላን ተመረጠ። በግንቦት 1939 ዓ.ም. ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን አንዱን ሳፊር ከስቶክሆልም አስነሥተው፣ 6,220 ኪሎ ሜትር ያህል ሳያርፉ በመብረር በ30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ አዲስ አበባ ገቡ።

በሳፊር ውስጥ መምህርና ተማሪ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የቢሾፍቱ ሠልጣኞች ከባድ ፈተና ግን ከፍታው ነበር። ማሠልጠኛው በሚገኝበት 1,900 ሜትር ገደማ አየሩ ስለሚሳሳ፣ የመጀመሪያው ሳፊር ባለ 145 የፈረስ ጉልበት ሞተር የኃይሉን አምስተኛ እጅ ያህል ያጣል፤ መንደርደሪያውም ይረዝማል። በባሌ፣ 2,500 ሜትር በሚጠጋው የሮቤ ሜዳ፣ ጉድለቱ ወደ ሩብ ይደርሳል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሶፍ ዑመር ቆላ የሚወርድ አብራሪ ቁልቁለቱ ይቀልለዋል፤ ሲመለስ ግን በደከመ ሞተር ደጋውን መውጣት አለበት። አውሮፕላን በገንዘብ ይገዛል፤ የአገርን ሰማይ ማወቅ ግን በትምህርትና በልምምድ ብቻ ይገኛል።